የነጭ ጨርቅ ቋጠሮ

ሰው ያደረገውን ይሸሽጋል፤ ጊዜም ለጥቂት ወራት ያግዘዋል። ዘመናትን በመዳፉ ከያዘው አምላክ ግን ከጓዳም ከልብም የሚሰወር የለም፤ የተሸሸገው የሚገለጥበትን ሰዓት የሚቆርጠውም እርሱ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የምንተርከው ነገር የተፈጸመው በእርሱ ዐይን ሥር ነው፤ የታወቀውም እርሱ በፈቀደ ጊዜ ነው። አንባቢም ታሪኩን ሲያነብ የገዛ ጓዳውን ይፈትሽበት ዘንድ እንለምናለን።

በአንዲት ጠባብ መንገድ ዳር የነበረችውን የመጽሐፍ መጠረዣ ቤት በሽርክና የያዟት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ከሥራው በቀር ወሬ የማያውቅ ጠራዥ ነው። ሁለተኛው መንደሩ ሁሉ «ሳቂታው» የሚለው ሸሪኩ ነው። አንድ ማለዳ ሳቂታው በሩን ገርበብ ብሎ አገኘውና፣ «ሰውዬ፣ ሚስትህ አባረረችህ እንዴ?» እያለ ገባ።

ጠራዡ በወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ግንባሩን በመጽሐፍ መጭመቂያው ብረት ላይ አሳርፎ፣ ክር የገባበትን መርፌ በጣቶቹ መካከል እንደ ያዘ ቀዝቅዞ ነበር። በፊቱ ግማሹ የተሰፋ መጽሐፍ ተዘርግቷል።

የተጠራው የፖሊስ ኢንስፔክተር ደርሶ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ክፍሏን ዞራት። ሽበት የወረሰው፣ ከመናገሩ በፊት ብዙ የሚያይ ሰው ነው። በብርጭቆው ሥር ነጭ ዝቃጭ ያለበት የቀዘቀዘ ሻይ አየ። የመጽሐፍ ጀርባ የሚደለደልባት ትንሿ መዶሻ ፊቷ ነጭ ዱቄት ለብሷል። ከሟቹ ሽርጥ ኪስ ደግሞ ተቋጥሮ የቆየ የሚመስል አራት ማዕዘን ነጭ ጨርቅ ወጣ፤ በእጥፋቱ ውስጥ ያው ዱቄት ነበረ። የመድኃኒት ብልቃጥ ግን የትም አልተገኘም።

*

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም የኢንስፔክተሩ የቆየ ወዳጅ ነበር።

«መርዝ ነው?» አለው ኢንስፔክተሩ።

«መድኃኒት ነው። ሕመማቸው ለጠና ሰዎች በልዩ ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ ማስታገሻ። የተሠራው በሆድ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሟሟ ነው፤ ይኼ ሰውህ ግን በመዶሻ አድቅቆ በሻይ በጥብጦታል። የቀኑን ኃይል ባንድ ጊዜ ጠጣው። ደረቱም የወረቀት ብናኝ የበላው ደረት ነው። ትንፋሹ እየዘገየ፣ እየዘገየ ሄዶ ቆመ።»

«ለምን ያደቅቀዋል?»

«ሱሰኞች ቶሎ እንዲሰማቸው እንዲህ ያደርጋሉ። ሌላ ምክንያት ካለ እኔ አላውቅም።»

የሟቹ ታላቅ እህት በአንድ ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ነበረች። ኢንስፔክተሩ የመድኃኒቱን ስም በጠራላት ጊዜ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ወንድሜ ክኒን የመውሰድ ልማድ ነበረበት» አለች። «ሚስቱ አታውቅም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ኢንስፔክተሩ ድምፅዋ የተንቀጠቀጠው ከሐዘንና ከኀፍረት የተነሣ መሰለው። እርሷ ከምትሠራበት ክፍል የጠፋ መድኃኒት እንዳለም አስመረመረ፤ የጎደለ አልነበረም። በከተማው ያሉ መድኃኒት ቤቶችም ሟቹን አያውቁትም። ኢንስፔክተሩም «በሥውር ያገኘውን መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ ወስዶ ሞተ» ብሎ ጽፎ መዝገቡን ዘጋ።

*

ከወራት በኋላ የሟቹ ሚስት ቢሮው መጣች። የሕፃናት አስተማሪ ናት፤ በእጅጌዋ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበረ።

«ኢንስፔክተር፣ ባሌን ሁለት ጊዜ ነው የቀበርኩት» አለችው ገና ሳትቀመጥ። «አንዴ በአፈር፣ አንዴ በእርስዎ ወረቀት።»

«ይቀመጡ፣ እህቴ። ምን ተፈጠረ?»

ነገሩ ይህ ነበር። ጠራዡ በሕይወቱ ላይ የመድን ዋስትና ገብቶ ነበር፤ እርሱ ቢሞት የቤታቸው ዕዳ ተከፍሎ ሚስቱና ሁለት ልጆቹ ከቤቱ እንዳይወጡ። ድርጅቱ ግን አልከፍልም አለ። በውሉ ውስጥ «በሐኪም ያልታዘዘለትን መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ ወስዶ የሞተ እንደ ሆነ» የሚል አንቀጽ አለ፤ ማስረጃ ያደረጉትም የኢንስፔክተሩን ጽሑፍ ነው።

«ቤቱን እንለቃለን፤ እሺ፣ እሱን እችለዋለሁ» አለች። «ልጄ ግን ትላንት ምን አለችኝ? ‹አባዬ ሱሰኛ ነበር ወይ?› አለችኝ። ይህን ማን ነው ያለው? ስሙን ይንገሩኝ!»

ኢንስፔክተሩ ስሙን ሊነግራት አልፈለገም። «ባለቤትዎ ክኒን እያደቀቀ ይጠጣ እንደ ነበር ያውቁ ነበር?» አላት በፈንታው።

«እንዴት አላውቅም! የማደቅለት እኔ አይደለሁ?»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

«በልጅነቱ ክኒን አንቆት ሊሞት ነበር» አለች። «ከዚያ ወዲህ አይውጥም። ራሱን ሲያመው እንኳ በሁለት ማንኪያ መካከል አድቅቄ በሻይ ነው የምሰጠው። ልጆቹ ‹ትልቁ ሕፃን› እያሉ ይስቁበታል... ይስቁበት ነበር።»

አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ያን ጊዜ ሊጠይቃት ይገባ የነበረች ጥያቄ። መዝገቡ በዚያው ዕለት ተከፈተ።

*

የመድን ድርጅቱን የካሳ ጥያቄ መርማሪ ባልደረቦቹ «አቶ አንቀጽ» ይሉታል። ሚስቱ ምሳ ምን እንብላ ስትለው ንዑስ ቁጥር ይጠቅስላታል ብለው ያሙታል።

«እኛ ጨካኞች አይደለንም» አለ መነጽሩን እየጠረገ። «አንቀጹ ‹በገዛ ፈቃዱ› ነው የሚለው። ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ሰው ሰጥቶት ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ሰጪውን ያምጡልኝና እከፍላለሁ። የይግባኙ ጊዜ ግን በዚህ ወር ያበቃል።»

«ሰጪው ማን ይመስልዎታል?»

«እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ከሚስትየዋ እጀምር ነበር። ገንዘቡ ለማን ነው?»

ኢንስፔክተሩ እየቀፈፈው ከእርሷ ጀመረ። ባሏ በሞተበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ከወላጆች ጋር ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ከዚያም ከጎረቤት ሴት ጋር የልጆቹን ልብስ ስትተኩስ አምሽታለች። ባሏ ሥራ ሲበዛበት መጠረዣው ቤት ማደር ልማዱ ስለ ነበር አልጠበቀችውም። የጎረቤቲቱም ቃል ከእርሷ ቃል ጋር ገጠመ።

ቀጥሎ ሳቂታው ነበር። እርሱና ጠራዡ መጠረዣ ቤቱን እንሽጥ አንሽጥ ተባብለው መንገደኛ እስኪሰማቸው ተጣልተዋል።

«ተጣልተናል፤ ታዲያ ከማን ጋር ልጣላ?» አለ ሳቂታው። «ቀኑን ሙሉ የማየው እሱን! ከሚስቴ ይልቅ የተጣላሁት ከሱ ጋር ነው።»

«የሞተ ዕለት ማታ የት ነበርክ?»

«ሰርግ ላይ። ሙሽራውን ሳስቀው ጥርሱ ተነቀለ፤ ሂድና ጠይቀው።»

ኢንስፔክተሩ ጠየቀ፤ ጥርሱ ባይነቀልም ሳቂታው ሰርጉ እስኪያልቅ ከአዳራሹ አልወጣም ነበር። እንዲሁም ነጩን ጨርቅ በመጠረዣው ቤት ከሚገኘው የመጽሐፍ ጀርባ ጨርቅ ጋር በጣቶቹ አስተያየው። የቤቱ ጨርቅ በሙጫ የደረቀ፣ የሚኮሰኩስ ነው። ከኪሱ የወጣው ግን ብዙ ጊዜ ታጥቦ የለሰለሰ ነው።

ሊወጣ ሲል ሳቂታው ጠራው፤ ሳቁ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር።

«ኢንስፔክተር፣ ወደ ሰርጉ ስሄድ በር ላይ ተገናኝተን ነበር። ታርቀናል። ከእናቱ ቤት መምጣቱ ነበር፤ ፊቱ በርቷል። ‹ዛሬ እንቅልፍ አያሸንፈኝም፤ እማዬ ብርታት ቋጥራ ሰጥታኛለች› አለኝ። ምርቃት ማለቱ መስሎኝ ‹ለኔም አታካፍለኝም?› ብዬው ሄድኩ።»

*

ነርሷን በሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኛት። የሟቹን እናት ስም ገና ሳያነሣ መንገዱን ዘጋችበት።

«እናቴ ዘንድ አይሂዱ። እባክዎ። አቅሟ ደክሟል፤ ልጇ ልቡ ቆሞ እንደ ሞተ ነው የነገርናት። ሌላውን ብትሰማ አትተርፍም።»

«ጥቂት ጥያቄ ብቻ ነው።»

«እኔን ይጠይቁኝ!»

«እርስዎን ጠይቄያለሁ» አላት በቀስታ። «ያሉኝን ጽፌ አንዲት ሴትና ሁለት ልጆች ቤት አልባ ሊሆኑ ነው።»

ነርሷ ዐይኗን ወደ ወለሉ ጣለች። ኢንስፔክተሩም ሄደ።

*

እናቲቱ የምትኖረው በአንዲት ምድር ቤት ክፍል ነው። በመስኮቱ አጠገብ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ አንዲት ሬዲዮ አለች። ጭኗ ላይ መቀስና አሮጌ ነጭ አንሶላ ይዛ ትቆርጣለች።

«ፖሊስ ነህ አሉ። ማን ምን አጠፋ?»

«ማንም ምንም አላጠፋም፣ እማማ። ስለ ልጅዎ ጥቂት ልጠይቅዎ ብዬ ነው።»

«ልቡ ነው የቆመው አሉኝ። ልብ ዝም ብሎ ይቆማል እንዴ? ሰዓት ነው?» መቀሷን አስቀመጠች። «ተቀመጥ፤ ቆመህ አታስጨንቀኝ።»

ተቀመጠ። «የሚቆርጡት ምንድን ነው?»

«መቋጠሪያ ነዋ። ከዚህ ቤት ባዶ እጁን የሚወጣ የለም። ለልጅ ልጆቼ ከረሜላ፣ ለጎረቤት መርፌና ክር፤ ያለኝን እቋጥራለሁ። የኔን ቋጠሮ በጥርስ ካልሆነ የሚፈታው የለም።»

«የዚያን ቀን ልጅዎ መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር እንጂ! ዐይኑ ጠልቆ፣ ትከሻው ወርዶ። ሥራው እስኪያልቅ አልተኛም አለኝ። ታዲያ እናት ምን አላት? መረቅኩት።» ድንገት ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «አንተም ዐይንህ ጠልቋል። ሚስትህ አታበላህም?»

«ታበላኛለች፣ እማማ።»

«ውሸታም።» ግድግዳውን ይዛ ተነሣች፤ ከመደርደሪያው የብርቱካን ሥዕል ያለበትን የቫይታሚን ብልቃጥ አወረደች። ክኒኖቹን መዳፏ ላይ ዘረገፈች፤ ከነጩ ጨርቅ በአንዱ ላይ አኖረቻቸው፤ ጫፎቹን አገናኝታ በጥርሷ ሳበች።

«ልጄ ‹ለሰው አትስጪ› ትለኛለች። ነርስ ከሆነች ወዲህ ስስታም ሆናለች። እኔ ግን ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ጎኔም ወገቤም ዝም አለልኝ። ለኔ የረዳ ላንተ እንቢ ይልሃል? እንካ፤ ሲደክምህ እየደገምክ። ለልጄም እንዲሁ ብዬው ነበር፤ ሳይጠቀምበት ቀረ እንጂ።»

ኢንስፔክተሩ በሥራ ዘመኑ ቢላም ሽጉጥም ከገዳይ እጅ ተቀብሎ ያውቃል። እየተመረቀ የተቀበለው ግን ይህን ብቻ ነው።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እማማ» አለ፤ በሁለት እጁ ተቀበለ።

*

ነርሷ በሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ክፍል በተቆለሉ አንሶላዎች መካከል ተቀምጣ ነበር። ኢንስፔክተሩ ቋጠሮውን በጉልበቷ ላይ አኖረላት። አልነካችውም።

«ለእርስዎም ሰጠችዎ?»

«ለኔም ሰጡኝ።»

ነርሷ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። «ዕጢ ነው» አለች ከጣቶቿ ሥር። «አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ለኔ ብቻ ነገረኝ፤ እኔም ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። የመድኃኒቱን ስም ብታይ ለጎረቤት ታስነብበዋለች፤ ያኔ ታውቃለች። ስለዚህ ከሩቅ ሆስፒታል እያመጣሁ በቫይታሚን ብልቃጥ ውስጥ ገለበጥኩት። በእጄ እየቆጠርኩ እሰጣት ነበር፤ ሥራ ሲበዛብኝ ግን ብልቃጡን ተውኩላት። ነርስ ሆኜ! ለሰው መስጠት እንደምትወድ እያወቅኩ!»

«በመጀመሪያው ቀን አውቀው ነበር?»

«ስሙን የጠሩልኝ ጊዜ ሁሉም ገባኝ። የማን እጅ እንደ ቋጠረው፣ የማን እጅ ብልቃጡን እንደ ለወጠ። እናቴ ልጇን በገዛ እጇ እንደ ገደለች ከምትሰማ ወንድሜ ሱሰኛ ይባል አልኩ። ሞቷል፤ ስም ምን ያደርግለታል አልኩ።»

«ሚስቱና ልጆቹስ?»

«እኔ ቤት አመጣቸዋለሁ ብዬ ራሴን አታለልኩ። ልጅቷ ‹አክስቴ› ብላ ስታቅፈኝ ግን ሰውነቴ ይቃጠላል።» ቀና አለች። «ኢንስፔክተር፣ የቀራት ጊዜ ጥቂት ነው። ይተዉልኝ፣ በሰላም ትሂድ። ከዚያ በኋላ ሁሉን እመሰክራለሁ፤ እሰሩኝ።»

«ያን ጊዜ ይግባኙ ይዘጋል። ደግሞም አንድ ጊዜ የዋሹ ሰው ነዎት፤ የሰጠችው እናት ከሌለች ማን ያምንዎታል?» ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። «እኔም ከእርስዎ አልሻልም። የእርስዎን ቃል ጻፍኩ፤ ሚስቱን ግን ‹ባሌ ክኒን አይውጥም› እንድትለኝ ዕድል አልሰጠኋትም። በቢላ ሳይሆን በብዕር ነው የበደልኳት። አብረን እንሂድ። የሚናገሩት ግን እርስዎ ነዎት።»

*

በማግሥቱ ሦስቱ፣ ነርሷ፣ የሟቹ ሚስትና ኢንስፔክተሩ፣ ወደ እናቲቱ ክፍል ገቡ። ነርሷ ለወንድሟ ሚስት በመንገድ ላይ ሁሉን ነግራታለች። ሚስቲቱ አልጮኸችም፤ ነገር ግን ከዚያ ጀምሮ ከእርሷ ጋር በአንድ በኩል አልሄደችም።

ነርሷ በእናቷ እግር ሥር ተንበረከከች። ያን ጊዜ ኢንስፔክተሩ ከሟቹ ኪስ የወጣውን ነጭ ጨርቅ በአልጋው ላይ አኖረ።

እናቲቱ አንሥታ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። «ይህ የኔ ቋጠሮ ነው። ፈትቶት ነበር እንዴ?»

«እማዬ» አለች ነርሷ። «ቫይታሚን አልነበረም።»

ሬዲዮዋ በቀስታ ታወራ ነበር። እናቲቱ እጇን ሰድዳ ዘጋቻት።

«ታዲያ ምንድን ነው የምወስደው?»

ነርሷ የሕመሙን ስም ነገረቻት። ከዚያ የመድኃኒቱን ስም፤ ከዚያም ወንድሟን ምን እንደ ገደለው። እናቲቱ ጨርቁን አጥፋ አጥፋ አሳነሰችው፤ መልሳም ዘረጋችው።

«በእጄ» አለች። «‹ሲደክምህ እየደገምክ› አልኩት።»

«የኔ እጅ ነው፣ እማዬ! ብልቃጡን የለወጥኩት እኔ ነኝ!»

«ዝም በይ። ያንቺ ላንቺ፣ የኔ ለኔ።» ከዚያ የልጇን ሚስት አየቻት። «አንቺስ ለምን ከስተሻል? ምን ሆነሽ ነው?»

ሚስቲቱ ከንፈሯን ነከሰች፤ ስለ ቤቱም ስለ ስሙም ነገረቻት።

«ሱሰኛ? ልጄን?» ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቲቱ ድምፅ ከፍ አለ። «ማን አለ?»

ነርሷ ግንባሯን በወለሉ ላይ አደረገች። እናቲቱም አይታ ተረዳች፤ እጇን ወደ ልጇ ራስ ዘረጋች፣ ሳታሳርፈውም መለሰችው።

«ልብሴን አምጡልኝ» አለች። «ያ ቢሮ የት ነው?»

*

አቶ አንቀጽ አንዲት አሮጊት ምራቷን ተደግፋ ስትገባ ባየ ጊዜ ከወንበሩ ተነሣ። ወረቀት አቀረበ፤ እርሷ ግን ለመናገር እንጂ ለመፈረም አልቸኮለችም።

«አንተ ነህ የልጄን ልጆች ቤት የምትከለክላቸው?»

«እኔ አይደለሁም፣ እማማ፤ አንቀጹ ነው። ‹መድኃኒት በገዛ ፈቃዱ የወሰደ› ይላል።»

«እንግዲያው ጻፍ» አለችው። ነጩን ጨርቅ በጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «ልጄ መድኃኒት አልወሰደም። እናቱ የሰጠችውን ተቀበለ።»

አቶ አንቀጽ መነጽሩን አውልቆ ብዙ ጠረገው። ከዚያ ጻፈ።

ቤቱ ለሚስቲቱና ለልጆቹ ተረፈላቸው፤ ኢንስፔክተሩም የቀድሞውን ጽሑፉን በራሱ እጅ ሽሮ የጠራዡን ስም አነጻ። የነርሷ ጉዳይ ለዐቃቤ ሕግ ተላለፈ፤ ከሕጉ የሚበልጠውን ፍርድ ግን በየማለዳው የእናቷን መድኃኒት ስትሰጥ ትቀበለው ነበር። ብልቃጡ ተለውጧል። እናቲቱ «ስሙን በትልቁ ጻፊበት» ብላ አዛ ስለ ነበር፣ የመድኃኒቱ ስም ከበሩ ሆኖ ይነበባል።

ኢንስፔክተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ሊጠይቃት የሄደው በልጇ ቤት ሳለች ነው፤ ምራቷ ወስዳ አስተኝታት ነበር። መቀሱም አንሶላውም በአጠገቧ አልነበሩም። ባዶ መዳፎቿን ከብርድ ልብሱ ላይ ገልጣ አሳየችው።

«ዛሬ የምቋጥርልህ የለኝም» አለችው። «ምርቃት ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ከመውሰድህ በፊት ምን እንደ ሆነ ጠይቀኝ።»

«ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ቤትህ እርስ በርሱ አይደባበቅ።»

እኛም ከእርሷ የተሻለ ምርቃት የለንምና ለአንተ ለአንባቢው እንዲሁ እንላለን። የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ በመደርደሪያህ ያለውን ከነስሙ ይጠብቅልህ። በጣራህ ሥር የታመመው ሕመሙን፣ የበደለውም በደሉን ሳይፈራ የሚናገርበት ቤት ያድርግልህ። የምትሰጠው እጅ ሕይወት ይስጥ፣ የሚቀበልህም በጤና ይደር። አሜን።